በክር የታሰረ እስክሪብቶ

«ለሞተር ክፍል ባልደረቦች በሙሉ። ከሰኞ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የሎግ ቡኩ እስክሪብቶ ከሎግ ቡኩ ጋር በክር ታስሮ የሚቀመጥ መሆኑን በጥብቅ እናስታውቃለን። ክሩን መፍታት፣ ማስረዘም፣ እንዲሁም እስክሪብቶውን ከክሩ ነጥሎ ለግል ጉዳይ ማዋል ፈጽሞ የተከለከለ ነው። አሻግሬ ወልደየስ፣ ዋና መሐንዲስ።»

ማስታወቂያው ቦይለር ቤቱ በር ላይ በአራቱም ማዕዘን በፕላስተር ተለጥፎ ማኅተም ተመቶበታል። ማኅተሙ የኔ ነው። በኃላፊነት የምይዘው የዕቃ ግምጃ ቤት ማኅተም ነው፤ ሞተር ክፍል የራሱ ማኅተም የለውም፤ ጋሽ አሻግሬ ግን ማኅተም የሌለው ወረቀት ወረቀት አይመስላቸውም።

ሞተር ክፍል ስላልኩ መርከብ ያለ እንዳይመስላችሁ። ያለነው ቃሊቲ ነው። ባሕር ቀርቶ የቧንቧ ውሃ እንኳ የሚመጣልን በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ፋብሪካችን ፎጣና ብርድ ልብስ ይሠራል፤ ቀለም ቤቱ ያለ እንፋሎት አይንቀሳቀስም፤ እንፋሎቱን የሚያፈላው ደግሞ ጓሮ ያለው አንድ ቦይለር ነው። ቦይለሩን የሚጠብቁት ሦስት የቀድሞ የባሕር ኃይል ሰዎች ናቸው። ጋሽ አሻግሬ «ቺፍ» ይባላሉ። ሀብተሚካኤል «ሰከንድ»፣ ማለትም ሁለተኛ መሐንዲስ ነው። ሙሀመድአወል «ኦይለር»፣ ማለትም ዘይት አጠጪ ነው። ሦስት ሰው ናቸው፣ ሦስቱም ማዕረግ አላቸው፤ ተራ ሰው የለም።

በ1983 ሁሉም ነገር ሲያበቃ በየፊናቸው ደረቅ መሬት ላይ ወጡ፤ ከዓመታት በኋላ እዚህ ቦይለር ሥር ተገናኙ። ቺፍ ያኔ ሃያ አምስት ዓመታቸው ነበር። በሃያ አምስት ዓመት የመርከብ ዋና መሐንዲስ ይኮናል ወይ ብሎ የጠየቃቸው ሰው የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

የመርከብ ሞተር ክፍል የራሱ ሕግ አለው። ከላይ ያለው፣ ነጭ የሚለብሰው፣ ዴክ ይባላል፤ መርከቢቱ ወደብ ስትገባ ተሰልፎ ሰላምታ የሚሰጠው እሱ ነው። ከታች በሃምሳ ዲግሪ ሙቀት ዘይት የጠጣ ቱታ ለብሶ የሚያስኬዳትን ሰው ማንም አያየውም። ቺፍ ይህን እንዳለ ወደ ቃሊቲ አምጥተውታል። ሽመና ክፍል፣ ቀለም ቤት፣ ክበብ፣ ጥገና፣ ጥበቃ፣ ሁሉም ዴክ ነው። አስተዳደሩ ያለበት ፎቅ ብሪጅ፣ የመርከብ አዛዥ የሚቆምበት ቦታ፣ ይባላል። ቦይለር ቤቱ ደጃፍ ላይ ቢጫ መስመር ተቀብቷል፤ የሞተር ክፍል ሰው ያልሆነ ሳያስፈቅድ አይሻገረውም። ሥራ አስኪያጁ እንኳ ቆሞ «ልግባ?» ይላል።

ፈረቃውም የመርከብ ነው፤ አራት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት ዕረፍት። መርከብ ላይ ስምንት ሰዓት ዕረፍት ማለት ከሞተሩ ሃያ እርምጃ ርቆ መጋደም ነው። ሳሪስ የሚኖረው ሀብተሚካኤል ግን ታክሲ ተሰልፎ፣ በከባድ መኪና መሀል እየተንፏቀቀ ቤቱ ሲደርስ የመመለሻው ሰዓት ይደርሳል። ስለዚህ አይሄድም። ሦስቱም ከቦይለሩ ጀርባ ካርቶን አንጥፈው ይተኛሉ። ሚስቶቻቸው ባሕር ላይ ያሉ ያህል ለምደውታል።

ሥራውን አያውቁም ማለቴ አይደለም። ባለፈው ጥር ቺፍ ሻይ እየጠጡ ድንገት ብርጭቆውን አስቀምጠው «ሁለተኛው ፓምፕ ታሟል» አሉ። እኔ ምንም አልሰማሁም። ሄደው በእጃቸው ጀርባ ዳበሱት፣ አስጠፉት፤ ሲፈታ ኩሽኔታው ሊበታተን ቀን ቀጥሮ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰው ናቸው። ጆሯቸው እስከ ዛሬ መርከብ ላይ ነው፤ ከጉልበታቸው በታች ግን ጡረታ ወጥቷል።

ከሁሉም በላይ ሎግ ቡኩ አለ። በየሰዓቱ የቦይለሩ ግፊት፣ ሙቀትና የውሃ ልክ ይጻፍበታል። ደንቡ እንዲህ ነው፤ አንዱ ከላይ ሆኖ መለኪያውን አንብቦ ይጠራል፣ ታች ያለው ቁጥሩን ደግሞ ይጠራዋል፣ ከዚያ ይጻፋል። ቺፍ ስለዚህ ነገር ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

«እኛ መርከብ ላይ አንድ ልጅ ያላነበበውን ሙቀት ጻፈ። ዋናው መሐንዲስ አልተቆጡትም። ቁጥሩን ወረቀት ላይ አስገለበጡትና አስበሉት። ከነቀለሙ! ባዶ ሳጥንም ሐሰተኛ ሳጥንም ሞተር ክፍል አያውቅም።»

በዚህ ታሪክ ውስጥ ዋናው መሐንዲስ ሌላ ሰው ስለመሆናቸው አስተያየት የሰጠ የለም።

ቃሊቲ ላይ ግን የግፊት ጌጁ፣ ማለትም መለኪያው፣ ያለው ቦይለሩ አናት ላይ፣ ከወፍራም ቧንቧ ጀርባ ነው። ከታች አይታይም። ለማየት ሰባት ደረጃ መሰላል መውጣት ያስፈልጋል። የቺፍ ጉልበት ከመሰላል ጋር ከተጣላ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሀብተሚካኤል ሆድ አለው። ሙሀመድአወል ደግሞ አለቆቹ ያልወጡበት እሱ መውጣቱ ድፍረት ይመስለዋል። ቦይለሩ ግፊት ሲበዛ እሳቱን ራሱ የሚያጠፋ፣ ሲቀንስ ራሱ የሚያቀጣጥል አውቶማቲክ አለው፤ ስለዚህ ከሰባት ብዙም እንደማይርቅ ይታመናል። የታመነው ይጻፋል። ሰባት ነጥብ ሁለት፣ ሰባት፣ ሰባት ነጥብ አንድ። የአራቱ ሰዓት ንባብ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ያልቃል።

የቴክኒክ ሥራ አስኪያጃችን ብሩህ ይህን መዝገብ ይወደዋል። እንግዳ ሲመጣ ገልጦ ያሳያል። «አንድ ባዶ ሳጥን ካገኛችሁ ምሳ እኔ ነኝ» ይላል። ቺፍ ግንቦት ላይ ስድሳ ይሞላቸዋል፤ አገልግሎታቸው በሁለት ዓመት እንዲራዘም ደብዳቤ የጻፈላቸውም እሱ ነው። ደብዳቤው ላይ በምክንያትነት የጠቀሰው ሎግ ቡኩን ነው።

ሥርጉት የመጣችው እዚህ መሀል ነው።

ሽመና ክፍል ዘጠኝ ዓመት ቋሚ ሠራተኛ ነበረች። ክፍሉ ሊዘጋ ነው ሲባል ከሥራ በኋላ ቴክኒክና ሙያ ተምራ የቦይለር ሠርተፊኬት ያዘች። ቦይለር ቤት ለመግባት ግን ከሽመና በገዛ ፈቃዷ መልቀቋን ፈርማ፣ እንደ አዲስ ተቀጣሪ ስድሳ የሥራ ቀን መሞከር ነበረባት። ፈረመች። ስድሳኛው ቀን ዓርብ መጋቢት 12 ነበር። ዓርብን ካለፈች ቋሚ ናት። ካላለፈች ዘጠኙም ዓመት የለም፣ ቦይለሩም የለም፤ ሁለት ልጆችና አንድ ደብዳቤ ይዛ በር ላይ ናት።

ቺፍ መጀመሪያ «ከዴክ የመጣ ሰው» ብለው አኩርፈው ነበር። እሷ ግን ትሠራለች። የነዳጅ ማጣሪያ ታጥባለች፣ የውሃ ማለስለሻ ጨው ትሸከማለች፣ ትጠይቃለች። መጠየቋን ብቻ አልወደዱትም።

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የጥራት ክፍል፣ ኦዲተሮች ሳይመጡ መለኪያዎች ሁሉ ካሊብሬሽን ይደረጉ፣ ልካቸው ውጭ ሄዶ ይፈተሽ ብሎ የአሥራ አራት ዕቃ ዝርዝር ላከ፤ ሚዛኖች፣ ቴርሞሜትሮች፣ አንድ የቦይለር ግፊት ጌጅ። ብሩህ ዝርዝሩን ፈርሞበታል። ለጌጁ የመውጫ ፈቃድ የክፍሉ ኃላፊ ፊርማ ስለሚያስፈልግ ወረቀቱን ይዤ ቺፍ ጋ ሄድኩ። እሳቸው የእስክሪብቶውን ማስታወቂያ እያረቀቁ ነበር።

«አደሴ፣ በሰዓቱ መጣህ። ክሩን ‹መፍታት› ብቻ ልበል ወይስ ‹ማስረዘም›ም ልጨምር?»

«ማስረዘም ቢጨመር ጥሩ ነው» አልኩ።

«ሰው ተንኮለኛ ነው፣ አይደል? አልፈታሁም፣ አስረዘምኩ እንጂ ይልሃል።»

ይህን እያሉ ፈረሙልኝ። ወረቀቱን አላዩትም። ፊርማቸው እንደ መልሕቅ ነው፤ ከታች ጠምዘዝ ብሎ ወደ ላይ ይመለሳል። ኮፒውን መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩ።

እሑድ ቦይለሩ ሲያርፍ የጥገና ልጆች ጌጁን ፈትተው ቦታውን በብሎን ደፈኑት። ሾፌሩ ሙንታሲር ከሌሎቹ መለኪያዎች ጋር ጭኖት ሄደ። የጥገና ልጆች ጌጁ እንደሌለ ያውቃሉ። የጠየቃቸው ግን የለም፤ ዴክ ናቸው።

ሰኞ እስክሪብቶው በሥነ ሥርዓት ታሰረ። ክሩ አንድ ስንዝር ነው፤ ቺፍ በራሳቸው እጅ ለክተው ቆረጡት። ሰኞ ግፊቱ ሰባት ነጥብ አንድ ሆኖ ዋለ። ማክሰኞ ሰባት ነጥብ ሁለት ደረሰ። ሥርጉት ሁለቱን ቀን ነዳጅ ስታስገለብጥ ነው የዋለችው። ረቡዕ ጠዋት፣ የሙከራዋ የመጨረሻ ሦስት ቀን ፈተና ሲጀምር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ተረኛ ሆነች።

በስድስት ሰዓት ቺፍ ሊረከቧት ገቡ። እኔ ፓኪንግ፣ የቧንቧ መጋጠሚያ ማሸጊያ፣ ላስረክብ መጥቼ በቢጫው መስመር ላይ ቆሜ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ንባብ ነው፣ ቺፍ።»

መነጽራቸውን አደረጉና ጮክ ብለው አነበቡ። «ጌጁ በቦታው የለም። ከቀለም ቤት የእንፋሎት መስመር የተነበበ፣ ስድስት ነጥብ አራት።» ቀና አሉ። «አራት ጊዜ ጽፈሽዋል።»

«አራት ጊዜ ወጥቼ አይቼዋለሁ። ተመልሶ ይሆናል ብዬ። ቦታው በብሎን ተደፍኗል። ቺፍ የሚያውቁ መስሎኝ ነው ያልደወልኩት።»

«እኔ ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰባት ነጥብ ሁለት አንብቤያለሁ።»

ሥርጉት ቺፍን አየች፣ መሰላሉን አየች፣ ጉልበታቸውን አየች። ሳታስበው ነው።

«ምን ታያለሽ?»

«ምንም።»

«ቀለም ቤት ድረስ ማን ሄዶ አነበበ?»

«እኔ። በየሰዓቱ። ሌላ ጌጅ ያለው እዚያ መስመር ላይ ብቻ ነው። ቁጥር ሳይኖር እንዴት ልጻፍ?»

«ስለዚህ በአንድ ተረኝነት አራት ጊዜ ቦታሽን ጥለሽ ሄደሻል።»

«አምስት አምስት ደቂቃ ነው፣ ቺፍ! ቀለም ቤት እኮ እዚሁ ነው።»

«ቀለም ቤት ዴክ ነው!» አሉ ቺፍ፣ ድምፃቸው ቦይለሩን አልፎ ተሰማ።

በዚያው ከሰዓት ክስ ተጻፈ። አንደኛ፣ በሥራ ሰዓት አራት ጊዜ ከቦታ መለየት። ሁለተኛ፣ በሎግ ቡክ ላይ ቁጥር ያልሆነ ነገር መጻፍ። ሀብተሚካኤል ምስክር ሆኖ ፈረመ፤ እሱም ማክሰኞ ሰባት ነጥብ አንድ አንብቧል።

የግምጃ ቤቱ መስኮት ቦይለሩን ፊት ለፊት ያየዋል። አሥር ሰዓት ሲሆን ቺፍ ግራ ቀኝ አይተው መሰላሉን ያዙ። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ አረፉ። ሰባተኛው ላይ ብዙ ቆዩ። ሲወርዱ የበለጠ ቆዩ። ከዚያ የነዳጅ በርሜል ላይ ተቀምጠው ያቺን የደበዘዘች የባሕር ኃይል ቆባቸውን አውልቀው አራገቡባት። ዓይናቸው መስኮቴ ላይ አረፈ። መጡ።

«አደሴ።»

«አቤት፣ ቺፍ።»

«ቅዳሜ ያስፈረምከኝ ምን ነበር?»

«የመውጫ ፈቃድ። የጌጁ።»

«ኮፒው የት ነው?»

«መሳቢያዬ ውስጥ።»

«ጥሩ ቦታ ነው» አሉ። «ትርፍ ጌጅ የለህም?»

«የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርዱ ላይ ሁለት አለ።»

«መደርደሪያው ላይስ?»

መሳቢያዬን ገፋ አድርጌ ዘጋሁት። አንዱን ከዓመት በፊት ለቀለም ቤት መስመር ያለ ወረቀት የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሁለተኛው የት እንደገባ ዛሬም አላውቅም። በየወሩ ግን ቆጠራ ላይ «ሁለት» ብዬ እጽፋለሁ። መደርደሪያውን ሳላይ።

«ጥሩ» አሉ ቺፍ። «እንግዲህ ሁላችንም ሥራ አለን።»

ሐሙስ ሀብተሚካኤልም ወጣ። እያፏጨ ወጣ፣ ዝም ብሎ ወረደ። የዚያን ቀን ንባቡ ከወትሮው አማረ፤ ሰባት ነጥብ አንድ አምስት የሚል ሁሉ ተጻፈ። ጌጁ ቦታው ላይ ሳለ እንኳ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ታይቶ አያውቅም።

ሙሀመድአወል ብቻ አልወጣም። ረመዳን ነው፤ ቀን አይበላም፣ አይጠጣም፤ ከንፈሩ ደርቋል። ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ ሥርጉት አጠገቡ ቁጢጥ አለች። እኔ የዘይት ቆርቆሮ እየቆጠርኩ ነበር።

«ጋሼ ሙሀመድ፣ እርስዎ አንዴ ወጥተው ይዩልኝ። አንዴ ብቻ። ያዩትን ይናገሩ።»

«አልወጣም፣ ልጄ።»

«ለምን?»

«ከወጣሁ አያለሁ። ካየሁ ደግሞ ጾመኛ ነኝ፣ መናገር ሊኖርብኝ ነው።»

«ታዲያ ይናገሩ!»

«አሻግሬ ሁለት ዓመት ይራዘምለታል። እሱ ከተራዘመ እኔም እራዘማለሁ። ሀብተሚካኤልም። ስማችን አንድ ደብዳቤ ላይ ነው ያለው።» አንገቱን አቀረቀረ። «ለምን ሰባት ብለሽ አልጻፍሽም? ሰባት ማንንም አስቀይሞ አያውቅም።»

«ሳላየው?»

«ሰባት መታየት አያስፈልገውም።»

ተነሳች። ወደኔ መጣች።

«ጋሽ አደሴ፣ ከግቢ የሚወጣ ዕቃ ሁሉ በእርስዎ በኩል አይደል የሚያልፈው?»

«በኔ በኩል ብዙ ነገር ያልፋል።»

«ጌጅ አላለፈም?»

ቆርቆሮዎቹ ስንት እንደደረሱ ጠፋብኝ። «ማየት አለብኝ» አልኩ።

«እሺ፣ ይዩልኛ። ነገ እኮ ዓርብ ነው።»

«ነገ አይልሻለሁ።»

የምታየው ዓይኔን አልነበረም፤ እጄን ነበር። እጄ መሳቢያው ላይ ነበር። ለምን እዚያ እንደነበረ አላውቅም። «ዘጠኝ ዓመት ነው ጋሽ አደሴ» ብላ ሄደች።

ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ጉዳዩ ሊታይ ቦይለር ቤቱ ውስጥ ተሰበሰብን። ብሪጅ ላይ መሆን ነበረበት፤ ብሩህ ግን «እነሱ ቤት ይሻላል፣ የራሳቸው ባህል አላቸው» አለ። ጠረጴዛው ላይ ሎግ ቡኩ ተዘርግቷል፣ እስክሪብቶው በክሩ ተንጠልጥሏል። የሰው ሀብት ኃላፊዋ እምነት ደብዳቤውን አስተይባ መጥታለች፤ «በሙከራ ጊዜ አጥጋቢ ውጤት ባለማሳየትዎ» ይላል። እኔ ማኅተም ይዤ ተገኝቻለሁ።

ቺፍ ቆመው ተናገሩ። ስለ ሃምሳ ዲግሪ ሙቀት ተናገሩ። ቦታውን ስለማይለቅ ሰው ተናገሩ። ወረቀት ስለበላው ልጅ ግን አልተናገሩም።

«ወይዘሮ ሥርጉት፣ የምትጨምሪው አለ?» አለች እምነት። ክፉ ሰው አይደለችም። እስክሪብቶዋን ከፍታ የያዘችው ቶሎ ጨርሳ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ለማምጣት ነው።

«መሰላሉ ያውና። ሰባት ደረጃ ነው። አንድ ሰው ወጥቶ ይይ። እኔ ሌላ ቃል የለኝም።»

ሁላችንም መሰላሉን አየነው። ብሩህ ሱሪው ነጣ ያለ ነው። ዘይት የጠገቡትን ደረጃዎች አየ፣ ሱሪውን አየ።

«ሥርጉት፣ ተረጂን» አለ ረጋ ብሎ። «ሦስት ባለሙያዎች፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ልምድ ያላቸው፣ በየሰዓቱ አንብበው ጽፈዋል። ይኸው። እነሱን ላለማመን ወጥቼ ላጣራ? ነውር አይሆንም?»

«ሎግ ቡክ ማስረጃ ነው» አለ ሀብተሚካኤል። «ከተጻፈ በኋላ ሄዶ ማየት የለም።»

«ጋሽ ሙሀመድአወል፣ እርስዎስ?» አለች እምነት።

ሙሀመድአወል አፉን ከፈተ። ቺፍ አላዩትም፤ የምድጃውን በር ነበር የሚያዩት። «እኔ ጾመኛ ነኝ» አለ።

«አይ፣ ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። አታድክሟቸው» አለ ብሩህ፣ ከልቡ አዝኖ ወንበር አስጠጋለት።

እምነት ደብዳቤውን ወደ ፊቷ ሳበች። እኔ የማኅተሙን ቀለም ከፈትኩ። ይህንን አልክድም፤ ከፍቼዋለሁ።

ያኔ ነው ውጭ ጥሩምባ የተነፋው። ሙንታሲር የብስኩት ካርቶን በብብቱ ይዞ ገባ። ቢጫውን መስመር አላየውም።

«እንዴ፣ ስብሰባ ነው? ይቅርታ በጣም። ቺፍዬ፣ ዕቃዎት መጣች!»

ካርቶኑን ሎግ ቡኩ አጠገብ አስቀምጦ ከጋዜጣ ውስጥ ጌጁን አወጣ። መስታወቱ ተወልውሏል። አረንጓዴ ወረቀት ተለጥፎበታል። ቀስቱ ዜሮ ላይ ነው።

«ሰኞ ና ብለውኝ ነበር፤ ዛሬ ደውለው ውሰዳት አሉኝ። አሥራ ሦስቱን ትናንት አምጥቻለሁ፣ ይቺ ብቻ ነበረች የቀረችው። እሑድ ከዚህ እንደወጣች እዚያው ከረመች በለኛ።» ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ፣ ቺፍዬ። ያስወጣው ነው የሚረከበው ብለዋል። ፊርማዎት ይኸውና፣ ከላይ።»

ፊርማው ከላይ ነበር። ከታች ጠምዘዝ ብሎ ወደ ላይ ይመለሳል።

ሀብተሚካኤል የቱታውን ቁልፍ ቆለፈ፣ መልሶ ፈታ። ብሩህ የጥራት ክፍሉን ዝርዝር ያስታወሰ መሰለኝ፤ ጆሮው ቀላ።

«እስክሪብቶ ያለው?» አለ ሙንታሲር።

እምነት እስክሪብቶዋን አየችው፣ ክዳኑን ገጠመችበት። ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አልቀደደችውም። እኔ ኪሴ ውስጥ ሁለት እስክሪብቶ ነበረኝ።

ቺፍ የታሰረውን አነሱ። ክሩ ስንዝር ነው፤ የሙንታሲር ወረቀት ያለበት ድረስ አይደርስም። ትንሽ ሳቡት። መጽሐፉ አብሮ ተሳበ። መፍታት ክልክል ነው፣ ማስረዘምም ክልክል ነው። ስለዚህ ወረቀቱን አምጥተው ሎግ ቡኩ ላይ፣ የዓርብ መጋቢት 12 ገጽ ላይ አስቀመጡትና ጎንበስ ብለው ፈረሙ። ሁላችንም የሚፈርመውን እጅ ስንከተል ገጹን አየነው። የራሳቸው ተረኝነት ነው፣ ከስድስት እስከ አሥር። በሰባት ሰዓት 7.1። በስምንት 7.2። በዘጠኝ 7.1። በአሥር 7.2።

የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ከሠላሳ አምስት ይል ነበር።

«እናመሰግናለን፣ ቺፍዬ» ብሎ ሙንታሲር ወረቀቱን አጥፎ ወጣ።

የተነሳ የለም። ሥርጉት ከግድግዳው ላይ የእንግሊዝ ቁልፉን አወረደች፣ ጌጁን በሌላ እጇ ያዘች፣ መሰላሉን ወጣች። ሰባት ደረጃ ነው፤ ቆጠርኩት። ብሎኑ ሲፈታ ተሰማ። ጌጁ ሲጠብቅ ተሰማ። መዝጊያውን ስትከፍት እንፋሎቱ አንዴ ሹክ አለ።

ደንቡን ያስተማሯት እነሱ ናቸው። ከላይ ሆና ጮክ ብላ ጠራች፤

«ስድስት ነጥብ ስድስት!»

ታች ያለው ደግሞ መጥራት አለበት። ቺፍ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ሀብተሚካኤል መሬት ያያል። ሙሀመድአወል ከወንበሩ ተነሳ፤

«ስድስት ነጥብ ስድስት» አለ፣ በደረቀ አፉ።

ጠረጴዛው ጋ ሄዶ እስክሪብቶውን አነሳ። የአሥር ሰዓቱ ሳጥን ሞልቶ ነበር።